የሚያልበው ድንጋይ

ሙአዊያ ካራ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ነው የጓሮው አለት እንደሚያልበው ያስተዋለው። የካቲት ላይ ሳሩ ሁሉ ደርቆ ከእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ድንጋዩ ላይ መዳፉን አሳርፎ ቢያነሳው እጁ ረጥቦ ይመለሳል። የሰፈሩ ቧንቧ ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል፤ በመጣም ጊዜ ጄሪካን ሳይሞላ ሲያስነጥስ ቆይቶ ዝም ይላል። ሚስቱ ሁዳ ልጅ አዝላ ከታች ከአስፋልቱ ዳር ውሃ ስታመላልስ በጋውም ክረምቱም አለፈ። ሙአዊያ ከካራ መገናኛ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ግን አንዴ የያዘውን ሐሳብ የማይለቅ ሰው ነበር። «ውሃ ጓሮዬ ተቀምጦ ሚስቴ ቁልቁል ትወርዳለች?» አለና ዲጂኖ ገዛ።

ታላቅ እህቱ ነጅማ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። እሷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ምድር መምህርት ናት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለእንፋሎት ኃይል ከሚቆፈሩ ጉድጓዶች የወጣ አለት እየቆረጠች፣ እያሞቀች፣ በውስጡ ያለው ውሃ እንዴት እንደሚተንና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ስትለካ ነው ዕድሜዋ የሄደው። አንድ እሑድ የወንድሟን ጓሮ መጥታ አየች። ሙአዊያ ቁልቁለቱን ሰንጥቆ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ ዋሻ ወደ ተራራው ሆድ ጀምሯል።

«ውሃ አለው፤ ግን አይሰጥህም» አለችው።

«ሰው ነው እንጂ ያለውን የሚሰስተው፣ ድንጋይ ደግሞ ምን ቆርጦት?»

«ይሄ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጋግሮ የሆነው ድንጋይ ነው፣ ሙዬ። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ግን አንዱ ቀዳዳ ከፀጉር ሺህ ጊዜ ይቀጥናል። ውሃው እዚያ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። በጄሪካን እንዳለ ውሃ አይፈስም። ፀሐይም ቶሎ አታተንነውም፤ በበጋም የሚረጥበው ለዚህ ነው። እስከ ሱሉልታ ብትቆፍር እጅህን ያረጥበው ይሆናል እንጂ ባልዲ አይሞላልህም።»

«ትንሽ ስገባበት ዋናውን አገኘዋለሁ።»

«ዋና የለውም አልኩህ እኮ።»

ሳቀና ግንባሯን ሳማት። እሷም ዋሻውን ስታይ ጣሪያው ላይ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ ስላልወደደችው፣ «እሺ ካልሰማኸኝ ቢያንስ እንጨት ደግፍበት» ብላ ለመነችው። «በአላህ ይሁንብኝ፣ እደግፋለሁ» አላት። በእርግጥም ጥቂት የባሕር ዛፍ ግንድ አመጣ። ከዋሻው አፍ ላይ አቆማቸውና ወደ ውስጥ ለሚቀጥለው ሌላ ጊዜ አደርገዋለሁ አለ።

ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ እንጦጦን ከላይ እስከ ታች ሲያጥብ በሰነበተበት አንድ ማለዳ፣ ነጅማ ከየካ ሚካኤል ቤቷ ወጥታ ታክሲ ስትጠብቅ ሁዳ ደወለች። መጀመሪያ የተሰማት ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

«ነጁዬ፣ ተደፈነበት! ዋሻው ተደፈነበት!»

ነጅማ ከዚያ በኋላ ኮተቤን እንዴት እንዳለፈች፣ ጭቃውን እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ስትደርስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። ደጋፊዎቹ ግንዶች እንደ ክብሪት ተሰባብረው ተጥለዋል። ከዋሻው ጣሪያ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርዶ አፉን እንደ በር ገጥሞታል። ሙአዊያ ተረኛ ስላልነበረ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ሲቆፍር ነበር፤ ድንጋዩ የወረደው ከኋላው ነው። በላይኛው ጥግ ብቻ ክንድ የሚያስገባ ጠማማ ክፍተት ቀርቷል።

ነጅማ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አፏን ክፍተቱ ላይ አደረገች።

«ሙዬ!»

«አለሁ።» ድምፁ ከጉድጓድ ሥር የሚመጣ ይመስላል። «ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሯል መሰለኝ። ሌላ አልተነካሁም። ነጁ፣ እንዳትቆጪኝ።»

ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። ጣቶቿ ጨለማውን ሲዳብሱ ቆዩና ሌሎች ጣቶች ያዟቸው። የጭቃ እጅ ነው።

«ውሃ እየገባ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ከላይ፣ ከስንጥቁ። ዋሻውን ወደ ውስጥ ቁልቁል ነው የቆፈርኩት። እዚያ ታች ጉልበቴ ደርሷል።»

ነጅማ አንገቷን አቅንታ ወደ ተራራው አየች። ከዋሻው በላይ ሜዳው ተሰንጥቋል፤ የዝናቡ ጎርፍ በዚያ ስንጥቅ እየገባ ነው። ሰሜኑ ላይ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሰማዩ እንደ እርሳስ ጠቁሯል።

የአደጋ ሠራተኞች መጥተው ነበር። አለቃቸው ምንያህል የሚባል፣ ረጋ ያለ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። የሚሞከረውን ሁሉ ሞከሩ። ክሪክ ከድንጋዩ ሥር ሲያስገቡ ክሪኩ ራሱ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። የውሃ መሳቢያው ቧንቧ በጠማማው ክፍተት አልገባም አለ፤ ቀጭን ጎማ አስገብተው የሳቡት ውሃ ከሚገባው ጋር አይወዳደርም። የሰፈሩ ወጣቶች ላይ ወጥተው ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ቆፈሩ፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እስካቫተር ተጠርቶ ነበር፤ ምንያህል ግን ቁልቁለቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ቢመጣም አላስጠጋውም» አለ። «ያ ከላይ የተሰነጠቀው ነገር በማሽን ንዝረት ሁሉንም ይዞ ይወርዳል።»

የቀረው መሮና መዶሻ ነበር። ተራ በተራ ደበደቡት። ድንጋዩ ጭቃ መሳይ ዱቄት ከማራገፍ በቀር ወይ ፍንክች አለ። ፀሐይ በደመናው ውስጥ አናት ላይ ስትደርስ፣ ቀጭን ከሆነው ከቀኝ ጠርዙ የወጣው ሁለት ጣት አይሞላም። ሙአዊያ ውሃው ጭኑ ደርሷል አለ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ኃይለ መስቀል ሰዉን ከፍለው ወደፊት መጡ። የሁዳ ጎረቤት ናቸው፤ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት ዕድሜያቸውን ድንጋይ በመፍለጥ ያሳለፉ ሰው።

«እሳት አምጡ» አሉ። «እኛ እምቢ ያለ ድንጋይ ሲገጥመን እሳት እናነድበታለን። ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል።»

«አይሆንም!» አለች ነጅማ። እንዲህ ጮክ ማለቷን ራሷም አላወቀችም። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ጥቁሩን፣ ጥጥር ድንጋይ ነው። ይሄ ውሃ አዝሏል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ የለውም፤ ቀዳዳው አያሳልፈውም። ይፈነዳል።»

«ድንጋይ ይፈነዳል?» አለ ምንያህል።

ነጅማ ከተፈለጠው ውስጥ እንቁላል የምታህል ፍንካች አንስታ ወደ ሁዳ ምድጃ ሄደች። ከሰሉ ገና ፍም ነበር። ድንጋዩን ፍሙ መሐል ቀበረችና ሰዎቹን አራቀች። ምንም የሚሆን አልመሰለም። ጋሽ ኃይለ መስቀል አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸና ፍሙ በየአቅጣጫው ተበተነ። አንዲት ሴት ጮኸች። ከድንጋዩ የተረፈ ነገር የለም።

«ይቅር እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው። «መሮ ብቻ ነው ያለን።»

ሰዎቹ ወደ መዶሻቸው ተመለሱ። ነጅማ ግን ምድጃው አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ጠብታዎቹ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ እያንዳንዷ ጠብታ የወንድሟ ደረት ላይ የምትደርስ መሰላት። የተናገረችውን በአእምሮዋ ደጋገመችው። እንፋሎቱ መውጫ የለውም። መውጫ ሲያጣ ወዴት ነው የሚፈነዳው? እሳቱ ወዳለበት ፊት ነው። ከጀርባ ያለው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ይሸከመዋል። የሚሰበረው የጋለው ቅርፊት ብቻ ነው። ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ስንት ናሙና እንዲህ ተልጦባት ተናዳለች!

ሮጣ መጣች።

«ምንያህል! ይፈንዳ።»

«ምን አልሽ?»

«ወደኛ ነው የሚፈነዳው። እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ቀጭኑ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሰል እናቀጣጥል፣ ሰው እናርቅ፣ ሲላጥ የላላውን በመሮ እናንሳ፤ ደግሞ እናንድድ። በመዶሻ ሙሉ ቀን የሚፈጀውን አንዱ ፍንዳታ ያነሳዋል።»

«ወንድምሽስ?»

«ወደ ጀርባ ይሂድ። ከድንጋዩ ይራቅ።»

ምንያህል ክፍተቱን አየ። «ጭሱስ? ያ ቀዳዳ ክፍት እያለ ከሰል ብናነድ በጭሱ እንገድለዋለን።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። ቀዳዳው መደፈን አለበት። እሱ ውስጥ ያለው አየር ለጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። እጁም አይያዝም።

ለሙአዊያ የነገረችው እሷ ናት። ክንዷን አስገብታ ጣቶቹን ይዛ፣ ምን እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ አስረዳችው።

«ስትደፍኑት ጨለማ ነው የሚሆነው» አለ።

«ጨለማ ነው። በድንጋይ ግድግዳውን ምታልኝ። በመታህ ቁጥር ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ። ወደ ጀርባ ሂድ፤ ፊትህን ወደ ውስጥ አዙር።»

«ጀርባው ውሃ ነው፣ ነጁ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ወንድም።»

«ሁዳን አምጪልኝ።»

ሁዳ ልጁን ለጎረቤት ሰጥታ መጣች። ያወሩትን ማንም አልሰማም፤ ነጅማ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከዚያ እርጥብ ፎጣ ጠቀጠቁበት፣ በላዩ ጭቃ ለሰኑበት። የሙአዊያ ድምፅ ቃል መሐል ላይ ተቆረጠ።

ጋሽ ኃይለ መስቀል እሳቱን ራሳቸው አደራጁ። በርሜል አሰንጥቀው ከጠርዙ ጋር አስጠጉት፣ ከሰል ሞሉት፣ ሰዎች ከላይ ቆርቆሮ ዘርግተው ከዝናቡ ጋረዱት። ምንያህል አፈር የተሞላ ማዳበሪያ አስደርድሮ ሰዉን ሁሉ ከኋላው አስቀመጠ። ከሰሉ ሲግል ድንጋዩ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ላቡ ፊቱ ላይ ወጣ፣ ጉም መሰለ፣ ጠፋ። ከዚያ ከውስጡ ቀጭን ፉጨት መጣ። ከውስጥ ደግሞ፣ ከሩቅ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ የሚል ምት። ነጅማ ለምቱ ብቻ ጆሮዋን ሰጠች።

ፍንዳታው ሰዉን ሁሉ ወደ ኋላ ገፋው። ፍንጣሪው ማዳበሪያውን እንደ በረዶ ደበደበው። ጭሱ ሲገፈፍ ከድንጋዩ መዳፍ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት ተነስቷል፣ ዙሪያውም ተሰነጣጥቋል። ሰዉ «አላሁ አክበር!» አለ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ። እሳቱን ስበው ወንዶቹ በመሮ ወረዱበት፤ የላላው ሁሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተነሳ።

ምቱ ግን ቆሟል።

ነጅማ ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጠፈች። ሙቀቱ ጉንጯን አቃጠላት። «ሙዬ! ሙዬ!» ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ደከም ብሎ፣ ጠ። ሌላም ጠ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ሁለተኛው እሳት ከመጀመሪያው ቶሎ ፈነዳ፤ ከመጀመሪያውም ከረረ። ፍንጣሪው የአንዱን የአደጋ ሠራተኛ ትከሻ ቆረጠው። ሌሎቹ ተደሰቱ፤ ነጅማ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ምንያህል።

«እንፋሎቱ ሁሉ አልወጣም። ከፊሉ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። እዚያ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ሲያገኝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። የቀረው ድንጋይ ከበፊቱ የበለጠ ውሃ ጠግቧል ማለት ነው። ቀጥኗልም። ሦስተኛው ወደኛ ብቻ አይደለም የሚፈነዳው።»

«ታዲያ በመሮ እንጨርሰው።»

«አዎ። በመሮ።»

መዶሻው እንደገና ጀመረ። የእንጦጦው ደመና የወረደው ግን ያኔ ነው። ዝናብ መባል የማይገባው ነገር ነበር፤ ሰማዩ ተቀዶ ወረደ። ከላይ ወጣቶቹ የቆፈሩት ቦይ ሞልቶ ፈረሰ፤ ቡናማው ጎርፍ በስንጥቁ ሲገባ ጉርጉርታው ከታች ይሰማል። ላይ የነበረ አንድ ወጣት እየጮኸ ወረደ፦ «መሬቱ እየተከፈተ ነው! እዚያ መቆም አይቻልም!» ምንያህል ሰዎቹን ከላይ አስወረደ። ነጅማን ያየበት አስተያየት ቃል አያስፈልገውም ነበር። መሮው ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ሁለቱም ያውቃሉ። ያ ሰዓት የለም።

«አንዴ እናንድደው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። አንድዱት።»

ከሰሉን ሞሉት። ማዳበሪያው ኋላ ተደፍተው ጠበቁ። ሁዳ የነጅማን ክንድ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል፣ ድምፅ የለውም። ፉጨቱ ጀመረ። ያን ጊዜ ምቱ ተሰማ። ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ጥርት ብሎ፣ ጮክ ብሎ።

ሁዳ ሳቀች፣ አለቀሰችም። «ስሚ፣ ነጁዬ! በረታ! በረታ እኮ!»

ነጅማ ግን ገባት። አልበረታም። ቀርቧል። ጀርባውን ውሃ ስለወሰደበት ከፍ ወዳለው ወደ ዋሻው አፍ መጥቷል። እዚያው ድንጋዩ ጀርባ ተጠግቶ፣ በጨለማው፣ በያዘው ድንጋይ እየመታው ነው።

አፏ ተከፈተ። «አቁሙ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ማን ያቁመው? አሁን ወደ ድንጋዩ የሚጠጋ ሰው ይሞታል። ከሩቅ ውሃ ቢረጩበት እዚያው ይፈነዳል። ቢቆምላትስ? ድንጋዩ እስኪቀዘቅዝ፣ መሮው እስኪጨርስ፣ ውሃው የት ይደርሳል? ይህን ሁሉ ያሰበችው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው። ምቱ ቀጠለ፤ እያንዳንዱ «አለሁ፣ አለሁ» ይላታል። ነጅማ ቃሉን ዋጠችው። ሁዳን ደረቷ ላይ አስጠግታ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነችላት።

ድንጋዩ ፈነዳ።

ጭሱ ሳይገፈፍ ምንያህልና ጋሽ ኃይለ መስቀል ደርሰዋል። ጠርዙ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ተበጥሶ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው ቀይ ጭቃ የመሰለ ውሃ እየተገፋ ይፈሳል። ምንያህል እስከ ወገቡ ገባና «ያዝኩት! ሳቡኝ!» ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ የወጣው እጅ ነው፤ ድንጋይ እንደጨበጠ። ከዚያ ራስ። ፊቱ ደም ብቻ ነበር።

ሁዳ ሮጣ ላዩ ላይ ወደቀችበት። «ይተነፍሳል!» አለ ምንያህል፣ «ይተነፍሳል፣ እህቴ፣ አየር ስጪው።» ከቤቱ ታች አምቡላንሱ ወዳቆመበት በሸራ ተሸክመውት ሲወርዱ፣ ከኋላቸው ቁልቁለቱ በረዥሙ አቃሰተና የጓሮው ተራራ ግማሹ ወርዶ ዋሻውንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የቤቱንም ጀርባ ግድግዳ ቀበረው። ማንም አልነበረበትም።

ሐኪሞቹ ቁርጭምጭሚቱን ጠገኑት፣ ከሳንባው ውሃውን አወጡለት። ግራ ዓይኑን ግን አላተረፉትም። የድንጋይ ፍንጣሪ ነው ያጠፋው።

እንዴት እንደሆነ የነገረችው ነጅማ ራሷ ናት። ሌላ ሰው እስኪነግረው መጠበቅ አልቻለችም። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ «ሦስተኛው ሲነድ ድንጋዩ አጠገብ እንዳለህ አውቄ ነበር» አለችው። «ምትህን ሰማሁት። አላስቆምኩም።» ሙአዊያ ባልታሸገው ዓይኑ ጣሪያውን እያየ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነጅማ ኮሪደር ላይ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ምርር ብላ አለቀሰች። ሁዳ ተከትላት መጣች። ነጅማ እጇን ታነሳብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሁዳ ግን ከጎኗ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ካራ ያለው ቤት የሚኖርበት አልሆነም። ሦስቱም፣ ሙአዊያ፣ ሁዳና ልጁ፣ የነጅማ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ገቡ። ነጅማ ሳሎኑ ላይ ተኛች። ሙአዊያ በአንድ ዓይን ሰው ጭኖ መንዳት እንደማይፈቀድለት ሲነገረው የሚኒባሱን ቁልፍ ለሌላ ሹፌር ሰጠና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ከሚስቱ ጋር ያወራል፣ ከልጁ ጋር ይጫወታል። ነጅማ ስትገባ ዝም ይላል። «ሰላም አደርሽ» ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። እሷ ሥራ ሄዳ ድንጋይ ስታሞቅ ናሙናው «ጧ» ባለ ቁጥር ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እሷ ወጥታ ግቢው ውስጥ ትቆማለች። አንዳንድ ማታ ከክፍላቸው የሙአዊያን የሕልም ጩኸት ትሰማለች፤ ሁዳ ስታባብለው ትሰማለች። ተነስታ ለመግባት ግን መብት ያላት አይመስላትም። ወንድሟን ከተራራው አውጥታ ራሷ ያጣችው ሆኖ ይሰማት ነበር።

መስከረም አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነጅማ ዳቦ ለመግዛት ስትወጣ ሙአዊያ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያጠልቅ አገኘችው። ክራንቹን ትቷል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«እዚህ ቅርብ ነው። ፀጉሬን ልቆረጥ።»

«ልሸኝህ?»

ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሺም እምቢም አይደለም። አብረው ወጡ። አንድ ባጃጅ ከግራ በኩል ጥሩምባ ሳይነፋ መጣ። ሙአዊያ አላየውም፤ እግሩን ሲያነሳ ነጅማ ክንዱን ይዛ ሳበችው። ባጃጁ ሹፌሩ እየተሳደበ ነካ ሊያደርጋቸው ምንም ሳይቀረው አለፈ። ሁለቱም መንገዱ ዳር እንደ ሐውልት ቆሙ። እሷ ክንዱን ልትለቅ ስትል፣ የሙአዊያ እጅ መጥቶ እጇ ላይ አረፈ፣ ያዛትም።

«በዚህ በኩል ምንም አላይም» አለ። «በዚህ በኩል አንቺ ሁኚ።»

ነጅማ ዞራ ግራውን ያዘች። መኪኖቹ እስኪያልፉ ጠበቁና ተሻገሩ።